የአንባቢያን ጥያቄ፦ በራግቢም በሩጫም ለስኮትላንድ የተሰለፈው ኤሪክ ሊደል

ባለፈው እትም ስለ 400 ሜትር ሯጮች ስንጽፍ የኤሪክ ሊደልን ስም በአንድ መስመር ጠቅሰን አልፈን ነበር። አንድ መስመር ለእሱ እንደማይበቃ የደረሱን ጥያቄዎች አሳይተውናል። የዛሬው ዓምድ የእሱ ነው። ቀንና ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 17 ነው። ኳስም እጫወታለሁ፣ 400 ሜትርም እሮጣለሁ። የስፖርት አስተማሪያችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያለ አንዱን ምረጥ ይለኛል። ይሄ ኤሪክ ሊደል የምትሉት ሰው ግን በሁለት ስፖርት ለአገሩ ተሰልፏል አሉ። እውነት ነው ወይስ ተጋኖ ነው? (አንባቢ፣ ከአሰላ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ ምንም አልተጋነነም። ለስኮትላንድ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን 7 ጊዜ ተሰልፏል። በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ለብሪታንያ ሮጦ አንድ ወርቅና አንድ ነሐስ አግኝቷል። ሁለቱም የሆኑት ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። የተወለደው ስኮትላንድ ውስጥ አይደለም። ወላጆቹ ስኮትላንዳውያን ሚስዮናውያን ነበሩ፤ እሱም ጃንዋሪ 16 ቀን 1902 ቻይና ውስጥ፣ ቲያንጂን ከተማ ተወለደ። ስድስት ዓመቱ ላይ ከታላቅ ወንድሙ ከሮብ ጋር ለንደን አካባቢ ለሚስዮናውያን ልጆች የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ወላጆቹ ወደ ቻይና ተመለሱ። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ከእናቱ ባሕር ተሻግሮ! ያደገው እዚያ ነው። የትምህርት ቤቱ የራግቢም የክሪኬትም አምበል ሆነ። በ1920 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይንስ ማጥናት ጀመረ።

ራግቢን የማያውቅ ብዙ አንባቢ ስላለ ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ቡድን 15 ሰው አለ። ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅ ተይዛ ይሮጥባታል፣ በእጅ ወደፊት መወርወር ግን ክልክል ነው። ኳስ የያዘን ሰው ከትከሻ በታች በክንድ ጠምጥሞ መጣል የጨዋታው ሕግ የሚፈቅደው ነገር ነው፤ በእግር መጥለፍና አንገት ማነቅ ግን ክልክል ነው። ሊደል ክንፍ ላይ ነበር የሚጫወተው፣ ማለትም ጥጉን ይዞ ቆሞ ኳሷ ስትደርሰው መስመሩን ታኮ የሚከንፈው ሰው እሱ ነው። የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር አልፎ ኳሷን መሬት ሲያስነካ ትራይ ይባላል፤ ያኔ 3 ነጥብ ያሰጥ ነበር። በሰባቱ ጨዋታዎች 4 ትራይ አስቆጥሯል።

የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 2 ቀን 1922 ከፈረንሳይ ጋር ነበር። ፓሪስ አጠገብ ኮሎምብ በሚባለው ስታዲየም ተጫውተው 3 ለ 3 ወጡ። የስታዲየሙን ስም ያዝልኝ፣ እንመለስበታለን። በ1923 ደግሞ ስኮትላንድ ዌልስን ካርዲፍ ላይ 11 ለ 8 ስታሸንፍ እሱ በሜዳው ነበር። ስኮትላንድ ከ1890 ወዲህ ካርዲፍ ላይ አሸንፋ አታውቅም ነበርና በአገሩ ትልቅ ወሬ ሆነ።

ሩጫውም ጎን ለጎን ይሄዳል። ቶም ማከርቻር የሚባል አሰልጣኝ ነበረው። አሯሯጡ ለዓይን አያምርም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚሮጠው፤ የዛሬ አሰልጣኝ ቢያየው መጀመሪያ የሚነግረው «አንገትህን አስተካክል» የሚል ይመስለኛል። ግን ማን ይደርስበታል? በጁላይ 1923 ለንደን ላይ 100 ያርድን (አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው) በ9.7 ሰከንድ ጨረሰ። ያ ሰዓት የብሪታንያ ክብረ ወሰን ሆኖ 23 ዓመት ቆየ። በዚያው ሻምፒዮና 220 ያርዱንም አሸነፈ።

በሳምንቱ የሆነው ግን ለእኔ ከክብረ ወሰኑ ይበልጣል። ስቶክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ይወዳደሩ ነበር። የ440 ያርድ ውድድር ገና እንደተጀመረ ከአንድ ሯጭ ጋር ተጋጭቶ ከመሙ ወጥቶ ወደቀ። ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ። የተሰናበተ መስሎት ቆም አለ፣ «ሩጥ፣ ሩጥ!» ሲሉት ተነሳ። ወደ 20 ያርድ ቀርቶ ነበር። በ440 ያርድ ሩጫ 20 ያርድ ምን ማለት እንደሆነ አንተ 400 ሜትር የምትሮጥ ልጅ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አንድ በአንድ ደረሰባቸው፣ የመጨረሻውንም አልፎ አሸነፈና መስመሩ ላይ ተዘረረ። ራግቢ ሲጫወት የኖረ ሰው ወድቆ መነሳትን የሚያውቀው በደሙ ነው፤ በዚያ ሩጫ ያዳነው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሊደል ሁለቱንም የቻለው ወራቱ ስለማይጋጩ ነው። ራግቢው በብርዱ ወራት፣ ሩጫው በበጋው ነበር። ኦሎምፒኩ ሲቀርብ ግን በ1923 ራግቢውን ተወ፤ ገና 21 ዓመቱ ነበር፣ ማንም አላስገደደውም። ስለዚህ አስተማሪህም አልተሳሳተም፣ አንተም አልተሳሳትክም። በ17 ዓመት ሁለቱንም ብትሞክር ምንም አይደለም፤ ኳሱ ፍጥነትህን አይሰርቅብህም። የልምምድ ቀናቱ ከተጋጩና ሰውነትህ ማረፍ ካቃተው ግን ያኔ ምረጥ። ጉዳት ይዘህ ሁለቱንም ከምታጣ አንዱን በጊዜ መተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሱን ታሪክ የሚያሳየውን ፊልም አይቻለሁ። የ100 ሜትር ማጣሪያ እሁድ መሆኑን የሚሰማው ወደ መርከቡ ሲገባ ነው። እውነት እንዲህ ነው የሆነው? ደግሞስ የኛ ሯጮች እሁድ ይሮጣሉ፣ እምነታቸውም የታወቀ ነው። እሱ ለምን ከበደው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ1981 የወጣው ፊልም ያንን ቦታ ለድራማ ሲል ቀይሮታል። ሊደል ያወቀው የውድድሩ ፕሮግራም ሲወጣ፣ ከወራት በፊት ነው። የ100 ሜትር ማጣሪያ ጁላይ 6 ቀን፣ እሁድ ነበር። «እሁድ አልሮጥም» አለ፣ አበቃ። በዱላ ቅብብል ሁለቱም ውድድሮች፣ በ4 በ100ም በ4 በ400ም መሰለፍ ይችል ነበር፤ እነሱም እሁድ ስለሚደርሱ ተዋቸው። የብሪታንያ ትልቁ የ100 ሜትር ተስፋ እሱ ነበርና ወቀሳው ቀላል አልነበረም።

እኔን የሚያናድደኝ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ መጨረሳቸው ነው። እሁድ አልሮጥም ማለት የአንድ ቀን ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 400 ሜትር የዞረበት ግን የወራት ልፋት ነው። መርከብ ላይ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ 400 ሜትሩ ዕድል ነው ባልን ነበር። እሱ ግን የአጭር ርቀት እግሩን ይዞ ሌላ ርቀት ሊማር ልምምድ ገባ። ከፓሪስ በፊት በ440 ያርድ ጥሩ የሚባለው ሰዓቱ 49.6 ነበር፤ 440 ያርድ ከ400 ሜትር የሚበልጠው በሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ወርቅ ያገኛል ያለ ብዙ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፓሪስ። ስታዲየሙ ያው ኮሎምብ ነው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በራግቢ ማሊያ የተሰለፈበት። በ200 ሜትር ፍጻሜ ከአሜሪካኖቹ ከጃክሰን ሾልዝና ከቻርሊ ፓዶክ ቀጥሎ በ21.9 ሰከንድ ነሐስ አገኘ። ማግስቱን የ400 ሜትር ማጣሪያ ጀመረ። ዙር በዙር ሰዓቱ እየተሻለ ሄደ፤ ግማሽ ፍጻሜውን በ48.2 ጨረሰ። ሌላኛው ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን አሜሪካዊው ሆራሺዮ ፊች 47.8 ሮጦ ነበር፤ ስለዚህ ለወርቁ የሚጠበቀው ፊች ነው።

ፍጻሜው ጁላይ 11 ቀን ዓርብ ነበር። የቡድኑን ሯጮች የሚያሽ ሰው ጠዋት አጭር ወረቀት ሰጠው። የተጻፈበት ቃል ከመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ነው፦ «ያከበሩኝን አከብራለሁ»። ዕጣው የውጨኛውን መም ሰጠው። በውጨኛው መም የሚሮጥ ሰው ከፊቱ ማንንም አያይም፤ ተከታዮቹ ከኋላው ስለሆኑ ቀድሞ ይሁን ተቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚያ ዘመን ደግሞ 400 ሜትርን የመጀመሪያውን ግማሽ ቆጥቦ መሮጥ ነበር የተለመደው። ሊደል ከመነሻው ጀምሮ ለቀቀው። የመጀመሪያውን 200 በ22.2 ሰከንድ አለፈ። ልብ በሉ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ በ200 ሜትር ፍጻሜ ነሐስ ያገኘበት ሰዓት 21.9 ነው! የ200 ሜትር ሩጫ ሮጦ ሌላ 200 ሜትር ከፊቱ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ያየ ሁሉ ይሞታል፣ ይቀራል ብሎ ጠበቀ። አልቀረም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለና በ47.6 ሰከንድ ገባ፤ ፊች በ48.4 ሁለተኛ፣ እንግሊዛዊው ጋይ በትለር በ48.6 ሦስተኛ። በአራት መቶ ሜትር የስምንት ዐሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ሰፊ ነው። የኦሎምፒክ ክብረ ወሰንም ሆነ።

ስለ እሁዱ ደግሞ። በዚያ ዘመን በብዙ የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ቤት እሁድ ለጸሎትና ለዕረፍት ብቻ የተተወ ቀን ነው። ጨዋታ፣ ገበያ፣ ሥራ አይታሰብም። እሱ ያደገው በዚህ ነው። በእኛ ዘንድ አስቀድሶ ከሰዓት መወዳደር ነውር አይደለም፤ ልጆቻችን እሁድ ስለሮጡ እምነታቸው ከእሱ አነሰ የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ሊደልም ሌላው እንዳይሮጥ አልጠየቀም። 100 ሜትሩን የቡድን ጓደኛው ሃሮልድ አብርሃምስ አሸነፈ። እያንዳንዱ ለራሱ ሕሊና ነው የሚመልሰው፣ እሱም ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ነበረች? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተወዳደረችም። የመጀመሪያ ተሳትፏችን በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በዚያ ሰሞን አውሮፓን እየጎበኙ ነበር፤ ጁላይ 5 ቀን 1924 በኮሎምብ በተደረገው የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይም ከክብር እንግዶቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይሄ ልጅ ወርቁን ካገኘ በኋላ ሩጫውን ጥሎ ወደ ቻይና ሄደ ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዝና! ምን አስቦ ነው? መጨረሻውስ እንዴት ሆነ? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ፣ የሰሙት ልክ ነው። ወርቁን ባገኘ በስድስተኛው ቀን ኤድንብራ ላይ ተመረቀ፤ ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው በከተማው ዞሩ። አንድ ዓመት የሃይማኖት ትምህርት ተማረና በ1925፣ በ23 ዓመቱ፣ ወደ ተወለደባት ቲያንጂን በባቡር ጉዞ ጀመረ። ጣቢያው ድረስ ሰው ሠረገላውን እየጎተተ ሸኘው።

ያሰበው አዲስ ነገር አልነበረም። አባቱ የሠራበት ቦታ ነው፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ እመለሳለሁ ሲል የኖረበት። ቻይናውያን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይንስና ስፖርት አስተማረ። የከተማዋ ሚንዩዋን ስታዲየም ሲሠራም አግዟል። ሩጫውን ፈጽሞ እርግፍ አላደረገውም፣ እዚያው ሲመቸው ይሮጥ ነበር። ግን ዋጋ ከፍሏል፣ ይህን መካድ አይቻልም። በ1928 አምስተርዳም ላይ የ400 ሜትሩ ወርቅ የተገኘው በ47.8 ነው። የእሱ የፓሪስ ሰዓት ከዚያ ይፈጥናል። ሁለተኛ ወርቅ ሊያገኝ የሚችልበትን ዘመን ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ነው ያሳለፈው። «ተሰጥኦውን አባከነ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። ሰውየው ራግቢን ከልቡ ተጫወተ፣ ጊዜው ሲደርስ ተወው። ከልቡ ሮጠ፣ ጊዜው ሲደርስ ተወው። ማስተማሩንም እንደዚያው ከልቡ ያዘው። አባካኝ ሰው እንዲህ አይደለም።

በ1932 ቄስ ሆነ፣ በ1934 ፍሎረንስ ማኬንዚ የምትባል የካናዳ ሚስዮናውያን ልጅ አገባ። ከጃፓን ጋር ጦርነቱ ሲከፈት ሺያውቻንግ ወደሚባል ገጠር ገባ፤ ወንድሙ ሮብ እዚያ ሐኪም ነበር። በብስክሌት ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። በ1941 ነገሩ ሲከፋ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ወደ ካናዳ ሸኘ፣ እሱ ቀረ። ሦስተኛዋን ልጁን ሞሪንን አንድም ቀን አላያትም።

በማርች 1943 ጃፓኖቹ ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር ዌይሺየን በሚባል ካምፕ አሰሩት። ከ1,500 በላይ ሰው ታጉሮበት ነበር፣ ከወላጆቻቸው ርቀው የተያዙ ብዙ ተማሪ ልጆችም ነበሩ። እሱ ራሱ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ ነው፣ እነዚህ ልጆች ምን እንደጎደላቸው ያውቃል። ሒሳብና ሳይንስ አስተማራቸው፣ ውሃ ቀዳ፣ ለአቅመ ደካሞች ተላላከ፣ ጨዋታ አዘጋጀላቸው። «አጎቴ ኤሪክ» ይሉት ነበር።

እናቴ፣ አሁን የምነግርዎት ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። በካምፑም መጀመሪያ እሁድ ጨዋታ አላዳኝም ብሎ ነበር። ልጆቹ አንድ እሁድ ሆኪ ሲጫወቱ ዳኛ ስላልነበራቸው ተደባደቡ። በቀጣዩ እሁድ ሊደል ራሱ ፊሽካውን ይዞ ወጣ። ለኦሎምፒክ ወርቅ ያልሻረውን ሕግ ልጆች እንዳይጎዳዱ ሲል ሻረው። ስለ እሁድ እምቢታው ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቢጨምሩበት ሰውየውን ይበልጥ ያውቁት ነበር።

የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ራስ ምታት ያሠቃየው ጀመር። ድካም ነው ተባለ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1945 በ43 ዓመቱ ሞተ፤ የአንጎል ዕጢ ነበር። በዚያው ቀን ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። መርዶው ፍሎረንስ ዘንድ የደረሰው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ካምፑ ነጻ የወጣው በኦገስት፣ እሱ ከሞተ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ። በ1991 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ከስኮትላንድ የመጣ ድንጋይ ካምፑ በነበረበት ቦታ አቆመለት፤ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 40 «እንደ ንስር በክንፍ ይወጣሉ፤ ይሮጣሉ፥ አይታክቱም» የሚለው ቃል ተቀርጾበታል።

ጥያቄ፦ ከሊደል ሌላ ስኮትላንድን በሁለት ስፖርት የወከለ አለ? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አለ። የኳስ አፍቃሪ ከሆንክ አንዲ ጎረምን ታውቀው ይሆናል፣ የሬንጀርሱ በረኛ። ለስኮትላንድ እግር ኳስ ቡድን 43 ጊዜ ተሰልፏል፣ ለአገሪቱ የክሪኬት ቡድንም ተጫውቷል። በ2022 ነው ያረፈው። ከዚያ ርቀን ከሄድን ሌስሊ ባልፎር ሜልቪል አለ። በ1872 ለስኮትላንድ ራግቢ ተጫወተ፣ በ1882 አምበል ሆኖ የመራው የክሪኬት ቡድን አውስትራሊያን አሸነፈ፣ በ1895 ደግሞ የብሪታንያ የአማተር ጎልፍ ሻምፒዮን ሆነ። በብዛት ካየነው እሱ ሊደልን ይበልጣል። ግን ያ ዘመን ስፖርት ገና በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረበት ነው። በራግቢ አገሩን ወክሎ ወዲያው በኦሎምፒክ መም ላይ የዓለምን ፈጣኖች መቅደም ሌላ ነገር ነውና እኔ ከሦስቱ ምረጥ ብትለኝ ሊደልን እመርጣለሁ። ጎረምን የምትመርጡ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።